የጀልባ ወንበሮቼን ሻጋታ በልቷቸዋል፤ ይድናሉ ወይስ ልጣላቸው?

ቀዛፊው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለች ትንሽ የሞተር ጀልባ ገዝቻለሁ። ሞተሯ ደህና ነው፣ አካሏም ብዙ የሚወራበት የለም። ጣጣው ወንበሮቹ ላይ ነው። የቀድሞ ባለቤቷ በወፍራም ላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ጠቅልሎ ለረጅም ጊዜ አቁሟት ነበር። ላስቲኩን ስገልጠው የወጣው ሽታ ይቅርብኝ።

ነጭ የነበረው ቪኒል (ወንበሩ የለበሰው ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ) ጥቁር ነጠብጣብ ወርሶታል። ስፌቱ ዙሪያና መደገፊያው ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበት ክፍተት ውስጥ ይብሳል። ፀሐይ ሲመታው የኖረው የፊት ወንበር ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሻጋታው ትንሽ ነው ግን ቪኒሉ ደርቆ ካርቶን ሆኗል፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይም ቀጫጭን ስንጥቅ ጀምሮታል። አንዱ መቀመጫ ላይ ደግሞ ሮዝ የሆነ ሰፊ እድፍ አለ፤ በሳሙና ብፈትገው ብፈትገው ንቅንቅ አይልም።

ጥያቄዎቼ፦ ሻጋታውን በምን ላስለቅቀው? የደረቀውን ቪኒል መልሶ ማለስለስ ይቻላል? ቀለም ቀብቼ ብገላገለውስ? አዲስ ማልበስ ውድ ስለሆነ የመጨረሻ አማራጬ ቢሆን ደስ ይለኛል። የሞከራችሁ ካላችሁ ሳትሰስቱ ንገሩኝ።

---

የድሮ ሞተር፦

ወንድሜ አትጨነቅ። በረኪና በውሃ በጥብጥ፣ እርጨው፣ ትንሽ ጠብቅ፣ እጠበው። ጥቁሩ ዓይንህ እያየ ይጠፋል። ሰው ይህን ነገር ለምን እንደሚያወሳስበው አይገባኝም።

---

ሻጋታ ጠል፦

የድሮ ሞተር፣ ይጠፋል፣ አልካድኩም። የሚጠፋው ግን መጀመሪያ ቀለሙ ነው። በረኪና የሻጋታውን ጥቁር ያነጣዋል፣ ሰው ደግሞ ነጭ ሲያይ ሥራው አለቀ ይላል። ቪኒሉ አዲስ ቢሆን፣ የላይኛው ስስ ሽፋኑ ቢኖር፣ ፊት ላይ ያለውን ሻጋታ በእርግጥ ይገድለዋል። የእሱ ወንበር ግን ፀሐይ የበላው ነው። ሽፋኑ ከለቀቀ ቪኒሉ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ ሥሩ እዚያ ተደብቆ ይቀራል። በላዩ ላይ ደግሞ በረኪናው የቀረውን ሽፋን እየበላ ቪኒሉን ይበልጥ ያደርቀዋል፤ ሲደጋገም ወደ ቢጫ ይወስደዋል።

ቀዛፊው፣ እኔ በቅደም ተከተል ከቀላሉ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ። ማስክና ጓንት አድርግ፣ ወንበሮቹን ከተቻለ ፈትተህ አየር ወዳለበት አውጣ። ደረቁን ሻጋታ በደረቅ ብሩሽ አትፈትገው፣ ዱቄቱ ይበንናል፣ አንተም ትስበዋለህ። መጀመሪያ አርጥበው።

ከዚያ ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። ይህን ደረጃ ሰው ይንቀዋል። ሻጋታው የሚመገበው በአብዛኛው ቪኒሉ ላይ የተለጠፈውን ነው፦ ላብ፣ የሰውነት ቅባት፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ አቧራ። ቅባቱ ካልተነሳ በላዩ የምትጨምረው መድኃኒት ቅባቱን እያጠበ ይውላል። ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀም፣ ስፌቱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ እጠበው፣ በፎጣ አድርቀው።

የቀረውን ጥቁር በነጭ አቼቶ ሞክረው። እኩል ውሃ ቀላቅለህ እርጨውና እንዳይደርቅ እየተከታተልክ ትንሽ ቆይተህ ፈትገው። እምቢ ያለውን ደግሞ መድኃኒት ቤት በሚሸጠው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፤ 10 ደቂቃ ያህል ተኝቶበት ይታጠባል። ሁለቱን በየተራ፣ መሃል ላይ በውሃ አለቅልቀህ። አንድ ጠርሙስ ውስጥ አትቀላቅላቸው፤ ሲደባለቁ የሚፈጠረው አሲድ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል።

በረኪና ላይ ቆርጠህ ከተነሳህም ከአቼቶ ጋር እንዳይገናኝ ተጠንቀቅ። የክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ቀልድ የለውም። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም እንደዚሁ መርዝ ይሆናል። የሚሠራው መጠን 1 እጅ በረኪና ለ10 እጅ ውሃ ነው፣ ለአጭር ጊዜ፣ ከዚያ ብዙ ውሃ።

አሴቶንና አኳራጅን እርሳቸው፣ ቪኒሉን ያሟሙታል። ነጩ ሜላሚን ስፖንጅ የሚባለውም ተአምር የሚመስለው ስለሚፍቅ ነው፤ እጅግ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በለው። አንድ ጠብታ እድፍ ላይ ቀስ አድርገህ ብትጠቀምበት ግድ የለም፣ ወንበሩን በሙሉ በእሱ ካሸኸው ግን የቀረችውን ሽፋን ጠርገህ በሚቀጥለው ዝናብ ሻጋታው ባሰበት ትላለህ።

---

የድሮ ሞተር፦

እሺ ሐኪሙ 😄 ግን የእኔ ወንበሮች በበረኪና ታጥበው ታጥበው ዛሬም ሰው ይቀመጥባቸዋል።

---

መርፌና ክር፦

ከሥራዬ አንፃር ልግባ፤ ወንበር አለብሳለሁ፣ የጀልባም የመኪናም።

የድሮ ሞተር፣ የአንተ ወንበር ክር ፖሊስተር ይሆናል። ፖሊስተር በረኪናን ጥሩ አድርጎ ይችላል። ክሩ ናይለን ወይ ጥጥ ያለበት ከሆነ ግን ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ወደ እኔ የሚመጣው ብዙ ወንበር እኮ ቪኒሉ ገና ደህና ሆኖ ስፌቱ የተተረተረ ነው። ፀሐይና በረኪና ተባብረው ክሩን ይጨርሱታል፣ ሰውየው ግን ቪኒሉ ረከሰ ብሎ ያማርራል።

አሁን ወደ ቀዛፊው። እስካሁን ማንም ያልጠየቀህን ልጠይቅህ። ሻጋታው ከላይ ነው የመጣው ወይስ ከታች? ይህን ሳታውቅ አንድም ፈሳሽ አትግዛ። ከላይ የመጣ ሻጋታ የጽዳት ጉዳይ ነው፣ ሻጋታ ጠል ያለው ይበቃዋል። ከስፖንጁ የመጣ ከሆነ ግን ፊቱን ብታጸዳው በሳምንት በሁለት ሳምንት ያው ቦታ ላይ ተመልሶ ይወጣል፣ አንተም ፈሳሽ እየቀያየርክ ገንዘብህን ትጨርሳለህ።

ስፌት ዙሪያ ይብሳል ያልከው ጥርጣሬ ውስጥ ከቶኛል። ቪኒል ራሱ ውሃ አያሳልፍም፤ የመርፌ ቀዳዳ ግን ያሳልፋል። ውሃ በስፌት ይገባል፣ ስፖንጁ ይጠጣዋል፣ መውጫ ግን የለውም። በዚያ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቆይቷል፣ ስለዚህ ውስጡ እየሞቀ እየቀዘቀዘ ሲታፈን ኖሯል።

እንዲህ ፈትሽ። ደረቅ ነጭ ጨርቅ ስፌቱ ላይ አንጥፍና በጉልበትህ ሙሉ ክብደትህን ጫንበት። ጨርቁ ከረጠበ ወይ ቡናማ ነገር ከተፋ ነገሩ አልቋል። ቀጥሎ ወንበሩን ገልብጠህ ከሥር ያለውን ኮምፔንሳቶ እይ። በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገው፤ ጤነኛ እንጨት ይመልስሃል፣ የበሰበሰ ግን ያስገባሃል። በመጨረሻ ሁለት ተመሳሳይ መቀመጫ አንሳና በእጅህ አመዛዝን፤ ውሃ የጠጣው በግልጽ ይከብዳል።

ሮዙን እድፍ በተመለከተ አትልፋ። እድፍ እንኳ ልንለው አንችልም። ስፖንጁ ውስጥ ወይ ከቪኒሉ ጀርባ ባለው ጨርቅ ላይ የሚኖሩ ተህዋሲያን የሚያመነጩት ቀለም ነው። ቪኒልን ለስላሳ የሚያደርገው ፕላስቲሳይዘር የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ቀለሙ እዚያ ውስጥ ይሟሟና ከጀርባ ወደ ፊት ዘልቆ ይወጣል። የምታየው የቪኒሉ ሰውነት ውስጥ ነው፣ ከላይ ብትፈትገው ምን ያደርግልሃል? ፀሐይ ላይ ሲውል አንዳንዴ ይደበዝዛል፣ ያ ነው። ለእኔ ግን ሮዝ ማየት ማለት መቀመጫው ከውስጥ እርጥብ ነው ወይ ነበር ማለት ነው፤ ያንን መቀመጫ ሳትፈትሽም ክፈተው።

የፊቱ ደረቅ ወንበር ላይ ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፤ አይለሰልስም። ፕላስቲሳይዘሩ በፀሐይና በሙቀት ወጥቶ ሄዷል። የሄደውን የሚመልስ ቅባት የለም፣ ጠርሙሱ ላይ «ሕይወት ይዘራል» ብሎ ቢጽፍም። ቀብተኸው የሚያብለጨልጨው ቅባቱ ነው፣ ሲደርቅ ካርቶንህ ይመለሳል። ቅባታማ ማብረቂያ ደግሞ አቧራ ይይዛል፣ ለሻጋታ ምግብ ይሆናል፣ በእርጥብ ቁምጣ ስትቀመጥበትም ያንሸራትትሃል።

---

ቀለም ቀቢ፦

ስለ ቀለሙ ማንም ስላልመለሰለት እኔ ልመልስ። ለቪኒል ተብሎ የተሠራ እስፕሬይ አለ፣ ከቪኒሉ ጋር አብሮ የሚተጣጠፍ። ተራ የብረት ወይ የግድግዳ ቀለም ከቀባህ በመጀመሪያው መቀመጥ እየተቀረፈ ሱሪህ ላይ ይቀራል።

የሚሠራው ቪኒሉ ለስላሳ ሆኖ ቀለሙ ብቻ ሲጠፋ ነው። የተሰነጠቀ ላይ አይሠራም፤ ስንጥቁ ከቀለሙ ሥር ይከፈታል፣ ቀለሙም አብሮት ይሰነጠቃል። ሻጋታ ላይም አትቀባ፣ ሸፍነኸው ብታልፍ ከሥር ሆኖ ይጠብቅሃል።

ዝግጅቱ ከቅቡ ይበልጣል። ታጥቦ፣ ፍጹም ደርቆ፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል ተጠርጎ። ወንበሩ ቀድሞ የሲሊኮን ማብረቂያ ሲቀባ የኖረ ከሆነ አልኮል ብቻውን በደንብ አያነሳውም፤ ቪኒል በማይጎዳ የሲሊኮን ማስለቀቂያ ደጋግመህ ጥረገው፣ ጨርቁን እየቀየርክ፤ ሲሊኮን የቀረበት ቦታ ላይ ቀለሙ ይሸሻል፣ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ትቶ ያናድድሃል። ከዚያ ስስ ቅብ፣ ይድረቅ፣ እንደገና ስስ ቅብ። ወፍራም አድርጎ አንዴ መጨረስ የሚወድ ሰው ይህን ሥራ አይንካው። ነፋስ ያለበት ቦታ አትቀባ፣ ማስክ አድርግ፣ መጀመሪያ የማይታይ የታችኛው ጠርዝ ላይ ሞክር። ነጩን ወደ ጥቁር ልቀይር ካልክ ደግሞ እንዳታደርገው፤ ጥቁር ቪኒል ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ሙቀቱ ቪኒሉን ያስረጀዋል፣ የሚቀመጥበትንም ያቃጥለዋል።

---

ቀዛፊው፦

ጎበዝ፣ ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። የመርፌና ክርን ፍተሻ አደረግኩ። ሮዙ ያለበትና ከጎኑ ያለው መቀመጫ ጨርቁን በቡናማ ውሃ አራሱት። ካቻቢቴው ኮምፔንሳቶው ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ፣ ቅቤ ነው ያስመሰለው። የኋላ መደገፊያዎቹ ግን ደረቅ ናቸው፣ እንጨታቸውም ጠንካራ ነው። እነዚያን በሳሙናና በአቼቶ አጽድቻቸው አሁን ነጭ ሆነዋል ማለት ይቻላል፣ ስፌቱ ላይ የቀሩት ጥቂት ነጥቦች በፐርኦክሳይድ ለቀቁ። ስለዚህ መደገፊያዎቹ ተርፈዋል። ሁለቱ መቀመጫዎችና የደረቀው የፊት ወንበር መከፈት አለባቸው።

ልብስ መስፊያ ማሽን ቤት ውስጥ አለ። እኔው ልሞክረው ብል እብደት ነው? ስፖንጁንስ አድርቄ ልመልሰው?

---

መርፌና ክር፦

እብደት አይደለም። መቀመጫ ከመደገፊያ ይቀላል፣ ብዙውን ጊዜ ሳጥን ነው።

ስፖንጁን ጣለው። ደረቅ ሲሆን በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ወይ ኮምጣጣ ሽታ ያለው ስፖንጅ አይመለስም። ገና ደህና የሆነ ቢሆን ኖሮ ልብሱን አውልቀህ በጠርዙ አቁመህ አየርና ፀሐይ ላይ ታደርቀው ነበር፣ ልብሱን ሳታወልቅ ግን አይደርቅም።

የስፖንጅ ምርጫ ላይ ሰው ይሳሳታል። ተራው የሶፋ ስፖንጅ ምቹ ነው ግን ውሃ ይጠጣል። ውሃ የማይጠጣው፣ ቀዳዳዎቹ የተዘጉት፣ ደረቅ ነው፣ ረጅም ሰዓት አያስቀምጥም። ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ቀዳዳዎቹ በጣም ሰፋፊ ሆነው ውሃውን ይዘው የማያቆዩት፣ ከላይ ሲፈስበት ከታች የሚወርድ። ካገኘኸው እሱ ይሻላል፣ ነገር ግን ከሥሩ ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ካላበጀህለት ትርጉም የለውም። ተራውን ከተጠቀምክ ደግሞ ልብሱን ከማልበስህ በፊት በስስ ላስቲክ ጠቅልለው። ላስቲኩን ከታች ክፍት ተው፣ ካፈንከው የቀድሞውን ባለቤት ደገምከው ማለት ነው።

አሮጌውን ልብስ እንዳትቀድደው። ንድፍህ እሱ ነው። ስቴፕሉን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከፍ ከፍ አድርገህ በፒንሳ ንቀለው። ስትነቅል ፎቶ አንሳ፣ ዛሬ ግልጽ የሆነልህ ነገ ይጠፋሃል። ስፌቱን ከመፍታትህ በፊት ሁለቱን ቁራጭ የሚያሻግር ትንንሽ መስመር በእስክሪብቶ ምልክት አድርግበት፣ እያንዳንዱንም ቁራጭ «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «ፊት» ብለህ ጻፍበት። ከዚያ ፍታው፣ አዲሱ ቪኒል ጀርባ ላይ ዘርግተህ ቅረጽ። የፊት ወንበሩ ልብስ ደርቆ ሊሸማቀቅ ስለሚችል በስፖንጁ መጠን አረጋግጠው እንጂ እሱን ብቻ አትመን።

ቪኒሉ ለጀልባ የተሠራ ይሁን። ፀሐይና ሻጋታ የሚከላከል ነገር የተጨመረበት ነው፣ ለቤት ሶፋ የሚሆነው ውጭ ላይ ቶሎ ይረግፋል። ክሩ ለውጭ የሚሆን ፖሊስተር፤ 92 ቁጥር ነው እኛ የምንጠቀመው፣ የቤት ማሽን ካስቸገረህ 69 ይሄዳል። መርፌው 18 ቁጥር። ስፌቱን አራርቀው፣ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊሜትር። ካጠጋጋኸው ቪኒሉ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ በዚያው መስመር ይቀደዳል። ስፒል አትሰካ፣ ቪኒል ላይ የተበሳ ቀዳዳ አይዘጋም፤ በመቆንጠጫ ያዘው። በዚሁ ምክንያት አበላሽቶ መፍታትም አያዋጣም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከአሮጌው ልብስ ቁራጭ ላይ ማሽኑን ተለማመደው።

---

የድሮ ሞተር፦

እኔም አንድ ቁም ነገር ላዋጣ እንጂ። ስቴፕሉ የማይዝግ ብረት ይሁን፣ ባሕር ላይ ከሆንክ 316 የሚል የብረት ደረጃ ያለውን ፈልግ። ተራውን ከተጠቀምክ ዝገቱ በቪኒሉ ጠርዝ ላይ ቡናማ እንባ ያወርዳል፣ ራሱም ተበልቶ ይለቃል። የግፊት ማጠቢያም ወንበር ላይ እንዳትጠቀም፣ በስፌቱ ውሃ ወደ ውስጥ ይነዳል። ቀስ በቀስ መነቀል የጀመረ ወንበር በዚያ ስንቱን አየሁ መሰለህ።

---

መርፌና ክር፦

የድሮ ሞተር፣ ዛሬ ታረቅን። ልክ ብለሃል።

ስትወጥረው ቪኒሉን ፀሐይ ላይ አሙቀው ወይ በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርገው፣ ይለጠጥልሃል። ከየጎኑ መሃል ጀምረህ አንድ አንድ ስቴፕል ምታ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ያለውን ጎን፣ ወደ ማዕዘኖቹ ቀስ እያልክ ሂድ። ከማዕዘን የጀመረ ሰው ሽብሽቡን መሃል ላይ ያገኘዋል።

---

ሻጋታ ጠል፦

ሥራው ሲያልቅ ላስቲኩን እንዳትመልሰው ብዬ ነው የመጣሁት። አየር የሚያሳልፍ ሸራ ፈልግ፣ መሃሉን በዘንግ ከፍ አድርገው፣ ውሃ እንዳያቁር። ጀልባዋን ስታቆም መቀመጫዎቹን በጎናቸው አቁማቸው፣ የዕቃ ማስቀመጫዎቹን ክዳን ክፈት። የአየሩን እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ማድረግ ከቻልክ ሻጋታ እምብዛም አይነሳም። እርጥበት የሚመጠው ጨው የሚሠራው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው፣ ክፍት ሸራ ሥር ብታስቀምጠው የሰማዩን እርጥበት ሲመጥ ይከርማል፤ ከፈሰሰም ብረት ይበላል።

ከውሃ ስትመለስ በጨውም ሆነ በክሬም የተነካካውን በጨው አልባ ውሃ አጥበህ አድርቀው። ከፀሐይ ጨረር የሚከላከለውን መሠረቱ ውሃ የሆነ እስፕሬይ በየወሩ ያህል ቀባው፣ ዘይት ያለበትን ተወው። የተረፉት መደገፊያዎችህ የሚቆዩት በዚህ ነው።

---

ቀዛፊው፦

ሸራው ተመዝግቧል። የመጨረሻ ጥያቄ፤ አዲሱን ኮምፔንሳቶ ምን ላድርገው? እንዳለ ብመታው ያው ይበሰብሳል።

---

መርፌና ክር፦

የባሕር ኮምፔንሳቶ ካገኘህ እሱን፣ በውሃ የማይለቅ ማጣበቂያ ነው ያለው። ግን እሱም ቢሆን ጠርዙ ውሃ ይጠጣል። ከማልበስህ በፊት ውሃ መውጫ ቀዳዳዎችህን ብሳ፣ የብሎኑንም ቀዳዳ ብሳ፣ ከዚያ ሁለቱን ፊት፣ ጠርዙንና የቀዳዳዎቹን ውስጥ በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ቀባ። ቀብተህ ከበሳህ እንጨቱን መልሰህ ከፈትከው ማለት ነው። ኢፖክሲው ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ጠብቅ፣ ስቴፕሉን ከዚያ በኋላ ምታ፤ ስቴፕሉ የሚገባበት ጠርዝ ላይ ቅቡን ሳሳ አድርገው፣ በጣም ከወፈረ ስቴፕል መምቻው አይነዳውም። መቀመጫውን ጀልባዋ ላይ ስታስረው ደግሞ የውሃ መውጫዎቹ ወለሉ ላይ ተለጥፈው እንዳይደፈኑ ከሥር ትንሽ ከፍ አድርገው።